እንግሊዝኛን መማርና በእንግሊዝኛ መማር

አንድን ቋንቋ መማር አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ቋንቋ ሌላ ዕውቀት መገብየት ደግሞ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ሁለቱን ሸክሞች በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ሲጠየቅ ከ80 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ከአባቱ ማሳ ላይ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ እያየ፣ እርከን ሲሠራ ድንጋይ እያቀበለ ያደገ ልጅ፣ በ9ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህሩ «ሶይል ኢሮዥን» ምን እንደሆነ ሲጠይቀው አንገቱን ይደፋል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን መናገሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ ለመርዳት በየዘመኑ የተደረገውን መመርመር ዛሬ ክፍል ለሚገባ መምህር ሁሉ ይጠቅማል።

ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር የበላይነቱን ይዞ የነበረው እንግሊዝኛ አልነበረም። በ1901 ዓ.ም. በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ልዩ ልዩ የውጭ ቋንቋዎች ይሰጡ የነበረ ቢሆንም ሚዛኑ ወደ ፈረንሳይኛ ያደላ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ1933 ዓ.ም. ከጠላት ወረራ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ነው። መምህሩም መጽሐፉም በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በመምጣቱ፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂቶች፣ ብዙዎቹ መምህራን የውጭ አገር ሰዎች በመሆናቸው እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭም በየዕለቱ ይሰማ ነበር። ለተማሪው የተለየ የቋንቋ እርዳታ ማዘጋጀት ያላስፈለገው፣ አኗኗሩ ራሱ እርዳታ ስለነበረ ነው።

ትምህርት ወደ ክፍላተ ሀገር ሲስፋፋ ግን ይህ አኗኗር አብሮ ሊስፋፋ አልቻለም። በ1955 ዓ.ም. ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየትምህርት ቤቱ በመመደባቸው የመምህራን እጥረት በመጠኑ ተቃለለ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። አማርኛን ከቤቱ ለተማረ ሕፃን ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አፉን በሌላ ቋንቋ ለፈታው ግን አማርኛ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ሆኑበት። ለሁሉም ተማሪዎች ግን አንድ ችግር የጋራ ነበር። እስከ 6ኛ ክፍል እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የተማረ ልጅ፣ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ይጠበቅበታል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚያሻግር ድልድይ አልተሠራም። የሰላም ጓድ አገልግሎትም በ1969 ዓ.ም. ተቋረጠ።

በ1970ዎቹ የተማሪው ቁጥር እየበዛ፣ ክፍሉ እየተጨናነቀ ሄደ። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ጆን ስቶዳርት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስላለው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም ያቀረበው ጥናት፣ መምህራን ከልምዳቸው የሚያውቁትን እውነት በጽሑፍ አሰፈረ። መምህሩ ማስታወሻ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ክፍለ ጊዜውም ያልቃል። ዕውቀት ማስተላለፊያ እንዲሆን የታሰበው ቋንቋ እንቅፋት ሆኖ ተገኘ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ እንዲቀጥል ወሰነ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላሉ ዓመታት የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል የሳይንስና የሒሳብ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳየ። በ1990ዎቹ መምህራን የራሳቸውን እንግሊዝኛ እንዲያዳብሩ የማሻሻያ ሥልጠና ተሰጠ፤ ለሁለተኛ ደረጃም በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ተጀመረ። የመስኮቱ አስተማሪ እንግሊዝኛው የተጣራ ነበር፤ ነገር ግን ያልገባውን ተማሪ ቆም ብሎ ሊጠብቀው አልቻለም። የተማሪውን ፊት አይቶ ችግሩን ሊረዳ የሚችለው የክፍሉ መምህር በዚያ ሰዓት ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። እርዳታው ከውጭ በመጣ መምህር ወይም በመሣሪያ ላይ ብቻ በተንጠለጠለ ጊዜ ሁሉ፣ እነዚያ ሲሄዱ እርዳታውም አብሮ ሄዷል። ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ ሲተውም አልበቃም፤ ምክንያቱም ተማሪው የሚሰናከለው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በፊዚክስ፣ በባዮሎጂና በታሪክ ክፍለ ጊዜም ጭምር ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው።

ይህ ኃላፊነት ከባድ ቢመስልም በትናንሽ ተግባራት ሊጀመር ይችላል። የዕለቱን ትምህርት የሚሸከሙ ጥቂት ቃላትን አስቀድሞ መርጦ በሰሌዳ ላይ መጻፍና ማስረዳት፣ ተማሪዎች ሐሳቡን በመጀመሪያ በሚያውቁት ቋንቋ ተወያይተው ቀጥሎ በእንግሊዝኛ እንዲናገሩት ማድረግ፣ ከማስገልበጥ ይልቅ በራሳቸው አነጋገር ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ፣ የሰዋስው ስሕተትን ካለማወቅ ለይቶ ማረም ይቻላል። እነዚህ ተግባራት አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጊዜና ትዕግሥት ነው። ያ የእርከን ድንጋይ ሲያቀብል ያደገ ልጅ የሚያውቀውን በሚያውቀው ቋንቋ እንዲናገር በመጀመሪያ ቢፈቀድለት፣ «ሶይል ኢሮዥን» የሚለው ቃል አዲስ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ለነባር ዕውቀቱ የተሰጠ ሁለተኛ ስም ይሆንለታል።