ሪፓክ፦ ፍሬን ስም ያወጣለት ቁልቁለት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 በካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ከተማ አጠገብ፣ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ባላቸው አሮጌ ብስክሌቶች ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን እየጋለ ግራሶውን ያጨሰው ነበርና፣ ከግልቢያው በኋላ ሌላ ግራሶ መጠቅጠቅ ግድ ሆነ። ቁልቁለቱም «ሪፓክ»፣ «እንደገና ጠቅጥቅ» ተባለ። እነ ጌሪ ፊሸር በታምቡር ፍሬንና በሞተር ብስክሌት እጀታ መፍትሔ ፈለጉ።

ዛሬ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ለሚበልጠው የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ሰፊ ዲስክና በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን የሚገጥም ሰው ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል፤ ፍጥነት ሲገታ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱስ ወዴት ይሂድ? መውረድን ቁልቁለቱ ራሱ ይሰጣል፤ መቆም ግን የሰው እጅ ሥራ ነው።