የመሰብሰብ መብትና በክፉ ቡድኖች ላይ የሚወጡ ሕጎች

ሰው ብቻውን ለመኖር አይችልም። ለደስታውም ለሐዘኑም፣ ለዕድሩም ለጀመዓውም ከወገኑ ጋር ይሰበሰባል። ዳሩ ግን ለበጎ ሥራ የሚሰበሰብ እንዳለ ሁሉ ለክፋት የሚሰበሰብም አለ። ሁለተኛውን ለመከልከል የሚወጣው ሕግ የመጀመሪያውን እንዳይጎዳ ምን ማድረግ ይገባል? በዚህ ረገድ የአሜሪካ ታሪክ ግልጽ ትምህርት የሚሰጥ በመሆኑ ከዚህ በታች በአጭሩ ቀርቧል።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የዘር ጥላቻ ማኅበር በዚያች አገር እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። አባሎቹ ፊታቸውን ሸፍነው ጥቁሮችን፣ ካቶሊኮችንና አይሁዶችን ያስፈራሩ ነበር፤ የሰው ሕይወትም አጥፍተዋል። በዚህም ምክንያት የኒው ዮርክ ግዛት በ1923 ባወጣው ሕግ፣ በመሐላ የተሳሰሩ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ስም ዝርዝር ለመንግሥት እንዲያስረክቡ አዘዘ። አንድ የክላን አባል ሕጉን ተቃውሞ ቢከራከርም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1928 ሕጉን አጸናው። የክፉዎች ስም ቢገለጥ ማን ያዝናል?

ይሁንና በ1956 የአላባማ ግዛት ይህንኑ ጥያቄ ወደ ተበዳዮች አዞረው። ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. በግዛቱ እንዳይሠራ ታገደ። ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበትን አድማ መደገፉ ነበር። የአባሎቹንም ስም እንዲያስረክብ ተጠየቀ። ስሙ የታወቀ አባል ከሥራው ሊባረር፣ ጥቃትም ሊደርስበት ስለሚችል ማኅበሩ እምቢ አለ፤ 100,000 ዶላርም ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 በሙሉ ድምፅ ቅጣቱን ሲሽር፣ በክላን ላይ የተሰጠው የ1928ቱ ፍርድ ለአላባማ ድጋፍ ሊሆን እንደማይችል ገለጸ። ቢሆንም ማኅበሩ በአላባማ እንደገና ለመሥራት የቻለው በ1964 ነው።

በቺካጎ ከተማ ደግሞ የወሮበላ ቡድኖች መንገዱን ይዘው ነዋሪውን ያስጨንቁ ነበር። የሕዝቡ ፍርሃት እውነተኛ ነበር። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት በ1992 ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ፖሊስ የቡድን አባል ነው ብሎ የገመተውን ሰው ያለ ግልጽ ዓላማ ከሌላ ሰው ጋር ቆሞ ካገኘው፣ አብረው ያሉትን ሁሉ እንዲበተኑ ያዝዛል፤ ያልታዘዘም እስከ 6 ወር ሊታሰር ይችላል። በ3 ዓመት ውስጥ ከ89,000 በላይ የመበተን ትእዛዝ ተሰጠ፤ ከ42,000 በላይ ሰዎችም ተያዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ደንቡን ሻረው፤ ምክንያቱም ምን እንደተከለከለ በግልጽ አይታወቅም፤ ለፖሊስም ከመጠን ያለፈ ሥልጣን ይሰጣል የሚል ነበር።

ይህ ማለት ክፉዎች ያለ ቅጣት ይለቀቁ ማለት አይደለም። የገደለ፣ የዘረፈ፣ ያስፈራራ፣ ወዲያውኑ ወንጀል እንዲፈጸም ሰውን ያነሣሣ በሥራው ይጠየቃል። መሰብሰቡ ራሱ ወንጀል ሲሆን ግን፣ «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» እንደሚባለው ይሆናል።

እንግዲህ የአባላት መዝገብ ያለው ማንኛውም ማኅበር፣ ዕድርም ይሁን ጀመዓ፣ በሚጠላው ቡድን ላይ ሕግ ሲወጣ ከማጨብጨቡ በፊት ጥቂት ማሰብ ይገባዋል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው ወይስ መሰብሰብን? ይህንኑ ሕግ ነገ እርሱን የሚጠላ ሹም ቢይዘው ምን ያደርግበታል? የአላባማ ጥቁሮች መልሱን ለማየት ስምንት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።