የገና ዜማዎችና ፒያኖ

ቡላኦስ ከሦስቱ የጂቡቲ ከተማ ኮሚዩኖች አንዱ ሲሆን ሌሎቹ ራስ ዲካና ባልባላ ይባላሉ። ከነዋሪዎቹ መካከል ለሥራ ከአገራቸው የወጡ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። አብላጫው ሕዝብ ሙስሊም በሆነባት በዚያች ከተማ ክርስቲያኖች የልደትን በዓል ሁለት ጊዜ ያከብራሉ። ካቶሊኮቹ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ የእኛዎቹ ደግሞ ከ13 ቀን በኋላ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነን ጥያቄም የመጣው ከዚያው ከቡላኦስ ነው። ልጆቻቸውን ኪቦርድ የሚያስተምሩ ወላጆች፣ «ልጆቹ የሚማሩባቸው መጻሕፍት የፈረንሳዮችን የገና መዝሙር እንጂ የእኛን አልያዙም፤ ከእኛ ዜማዎች የትኞቹ ለፒያኖ ቢዘጋጁ ይሻላል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ለሙዚቃ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም፤ ልጁ በጣቱ የለመደውን ዜማ የራሱ አድርጎ ያድጋልና። ስለዚህ መልሱን ከታሪክ ብንጀምር መልካም ነው።

ልጆቹ በመጽሐፋቸው የሚያገኙት «ሚኑዊ ክሬትየን» የተባለው መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1847 የተደረሰ ሲሆን፣ ደራሲው «ጂዜል» የተባለውን ባሌት የደረሰው ፈረንሳዊው አዶልፍ አዳም ነው። በቲያትር ሙዚቃ የሠለጠነ ሰው ሥራ ስለሆነ ከፒያኖ ጋር ቢስማማ አያስደንቅም። ሌሎቹ ግን እንዲህ አይደሉም። በዓለም ሁሉ የታወቀው «ጸጥተኛ ሌሊት» እ.ኤ.አ. በ1818 በኦስትሪያ፣ ኦበርንዶርፍ በምትባል መንደር መጀመሪያ የተዘመረው በጊታር ታጅቦ ነው። እንግሊዞች በገና ከሚዘምሯቸው አንዱ ደግሞ ዜማው የተወሰደው ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በ1840 የማተሚያ መሣሪያ ፈልሳፊውን ጉተንበርግን ለማክበር ከጻፈው ሥራ ነው። ፍራንዝ ሊስትም በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቆዩ የልደት መዝሙሮችን መርጦ «የገና ዛፍ» በተሰኘው የፒያኖ ስብስቡ ውስጥ ሲያስገባ መታሰቢያነቱን ለልጅ ልጁ ሰጥቷል። እንግዲህ ዛሬ «የጥንት የገና መዝሙር» የምንለው ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ የመረጠው፣ ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው ያዛወረው ነው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ ነው። እርሱ በሮማንያ መንደሮች እየተዘዋወረ ገበሬዎች በገና ሰሞን የሚዘፍኗቸውን ዜማዎች ሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ሃያውን በሁለት ክፍል ለፒያኖ አዘጋጅቷል። የመረጣቸው የካቴድራል መዝሙሮች አልነበሩም፤ ወጣቶች ከቤት ቤት እየዞሩ የሚዘፍኗቸው፣ ምታቸው ከመስመር መስመር የሚለዋወጥ ዜማዎች ናቸው። ምቱን አላስተካከለውም፤ ዜማውንም ለአውሮፓ ጆሮ ብሎ አልለወጠውም። ኦክታቭ መዘርጋት የማይችሉ ትንንሽ እጆች እንዲጫወቱትም አስቧል። በእኛ አስተያየት ለቡላኦስ ልጆች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኖታ የሚያስተምሩ የውጭ ባለሙያዎች ወደ መሀል አገር የገቡበት ዋና በር ጂቡቲ ራሷ እንደነበረች እናስታውሳለን። የባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደርሰዋል፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አርባዎቹ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች ስለነበሩ፣ በአገራችን የኖታ ትምህርት ለብዙ ጊዜ ከማርሽ ባንድ ጋር ተያይዞ ቆየ።

ፒያኖን ከአገሩ ዜማ ጋር ያስታረቁት ሌላ ሰው ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር፣ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። በዚያ ዘመን ወደ አውሮፓ የሚሄድ መንገደኛ በጂቡቲ ባቡር ወርዶ መርከብ መሳፈር የተለመደ ነበር። ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው፣ ከነፃነት በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጥለው በመጨረሻ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ከዚያም በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ሲታተም ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አድርገዋል። በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ማሕሌትን ርእስ ያደረገ የፒያኖ ሥራም አላቸው። ይሁን እንጂ የእርሳቸው ሥራ ማሕሌቱን በኖታ መገልበጥ ሳይሆን፣ ዜማውን ለዓመታት የተማረ ሰው በራሱ ቋንቋ ያሰበው ሐሳብ ነው። ከዚህ ወዲህም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋርያ የተማሩት ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» እና «እልልታ» የመሳሰሉ ሥራዎችን ለፒያኖ አቅርበዋል።

ለመሆኑ የቤተ ክርስቲያን የልደት ዜማ ለልጆች ፒያኖ ይሁን ወይ? በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በላሊበላ በቤተ ማርያም የሚዜመው «ቤዛ ኩሉ» ነው። ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ፤ በላይ በማሜ ጋራ የቆሙት የመላእክት፣ በታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ሆነው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ለሁለት ተማሪዎች በአንድ ፒያኖ፣ አንዱን በላይኛው ሌላውን በታችኛው ድምፅ፣ ማከፋፈል እንዴት ያጓጓል! እኛም መጀመሪያ የተመኘነው ይህንኑ ነበር።

ነገር ግን ዜማው በምን እንደተጻፈ እንመልከት። ሦስቱ የያሬድ ዜማ ዓይነቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። በ16ኛው ምእተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት ምልክት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉትን ይዟል። እነዚህ ምልክቶች እንደ ዶ ሬ ሚ አንድን ድምፅ ብቻ አያመለክቱም። ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚደፋ፣ እንደሚንቀጠቀጥ ይነግራሉ። የቀረውን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ፒያኖ ግን በየኦክታቩ 12 ቋሚ ድምፆች ብቻ አሉት፤ በሁለት ቁልፎች መካከል መንሸራተት አይችልም። ርክርኩን በትሪል ብንተካው አንድ የቡላኦስ ልጅ ትሪሉን ርክርክ ነው ብሎ ይይዛል፤ የሚያርመውም መሪጌታ በአጠገቡ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ቤዛ ኩሉ» በጆሮ ይሰማ፣ በቤተ ክርስቲያን ይጠና፤ ለጀማሪ ልጆች ፒያኖ አይጻፍ ብለናል።

የሜዳው ዘፈን ግን ሌላ ነው። ሩሯን በገና ዱላ እያሳደዱ በሚጫወቱበት በዓል የሚዘፈነው «አሲና ገናዬ» አንድ አውጪ፣ ብዙ ተቀባይ ያለው ሲሆን፣ ማንም ልጅ ተቀባይ ሆኖ ሊገባበት ይችላል። ምርጫችን በእርሱ ላይ ወድቋል። ከማሜ ጋራው ሥርዓት መቀባበሉን ብቻ ወስደን፣ አውጪውን ለቀኝ እጅ፣ ተቀባዩን ለሁለቱም እጆች እንዲሰጥ መክረናል።

እዚህ ላይ መምህራን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። በፈረንሳዩ መጽሐፍ የለመዱት ልጆች ግራ እጃቸው ወዲያው ሦስቱን የታወቁ ኮርዶች ይፈልጋል። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ዶ-ሚ-ሶል ያለ ችግር ይገባል፤ ፋ-ላ-ዶ ግን ፋን፣ ሶል-ሲ-ሬ ደግሞ ሲን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም በቅኝቱ የሉም። አምባሰል ደግሞ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) በመነሻው በዶ ላይ ኮርድ የሚያሠራ ሚ የለውም፤ ሜጀርም ማይነርም አይሆንም። በእነዚህ ኮርዶች የታጀበ ዜማ ከሁለት ዓመት በኋላ ከ«ሚኑዊ ክሬትየን» ጋር አንድ ዓይነት ይሸታል። ስለዚህ ግራ እጅ ከቅኝቱ ሳይወጣ ዶንና ሶልን በከበሮ ምት ይምታ፤ ወይም እንደ ክራር አንድ አንድ ድምፅ ይልቀም። ዝምም ቢል ነውር የለበትም።

ለቡላኦስ የምንልከው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ኦክታቭ የሚጠይቅ ቦታም የለውም። ዘፈኑ ከአገር አገር ስለሚለያይ ዜማው ከየትኛው ወረዳ ሰው እንደተሰማ በገጹ ራስጌ እንዲጻፍ አድርገናል፤ የሌላ ወረዳ ወላጆችም የራሳቸውን አዘፋፈን ከሥሩ የሚጽፉበት አራት ባዶ መስመር ተትቷል።