የንፍሮው ድስትና የዳባዲ ቴርሞሜትር

የአጎቴ ሚስት ከዓባይ ዳር ቆላ ተድራ መካነ ሰላም በመጣች ሰሞን ያቀረበችው የባቄላ ንፍሮ ጥርስ የሚሰብር ነበር አሉ። አማቷ፣ ማለትም አያቴ፣ «እንጨት ሰስተሽ ነው» አሏት። እሷ ግን ያበሰለችው እናቷ ቤት እንደለመደችው ነበር። «እሳት የማታውቅ ሙሽራ» የሚለው ስም ለዓመታት ተከተላት። እኛ ልጆቹ ነገሩን የሰማነው እንደ ቀልድ ነው። ኢንጂነሪንግ ስማር ከአንድ የፊዚካል ኬሚስትሪ ቀመር ጋር ስገናኝ ግን ቀልድነቱ ቀረብኝ።

ቀመሩን የጀመረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤሚል ክላፔሮን ነው፤ እ.አ.አ. በ1834። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ደግሞ በ1850 መሠረቱን አጠናከረው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም በደንብ ሳይሞቅ ይፈላል።

ክላፔሮን ጽሑፉን ባወጣ በአራተኛው ዓመት አንቷን ዳባዲ የሚባል ተጓዥ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እስከ 1848 ድረስ ከምጽዋ እስከ ከፋ እየተዘዋወረ ካርታ አነሳ። ከፍታ ከለካባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ ማፍላት ነበር፤ ቴርሞሜትሩን አንብቦ ከሠንጠረዥ ግፊቱን ያገኛል፣ ከግፊቱም ከፍታውን። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ሥራው ከ1860 እስከ 1873 ፓሪስ ታተመ።

እኔ ስሌቱን ገልብጬ ሠራሁት፤ ከከፍታው ተነስቼ ወደ ድስቱ። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ወደ 74 ኪሎፓስካል ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 101.3። የሁለቱ ጥምርታ ሎጋሪዝም 0.314 ነው። ይህን በጋዝ ቋሚ ቁጥር (8.314) አብዝተን አንድ ሞል ውሃ ለማትነን ለሚያስፈልገው 40,700 ጁል ስናካፍለው 0.000064 ይመጣል። በ373.15 ኬልቪን ግልባጭ ላይ ስንደምረው 0.002744 ይሆናል፤ መልሰን ስንገለብጠው 364.4 ኬልቪን፣ ማለትም 91 ዲግሪ ሴልሺየስ። 1200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የዓባይ ሸለቆ ግን ውሃ የሚፈላው በ96 ነው።

አምስት ዲግሪ ምን አላት እንዳትሉ። በተለመደው ግምት፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። እንደ ባቄላው ዓይነትና ዕድሜ ቢለያይም፣ ቆላ ላይ ሁለት ሰዓት የፈጀ ንፍሮ ደጋ ላይ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል ማለት ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የእንጨቱ ነገር ነው። ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እንጨት ቢማገድ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ከ91 አያልፍም። የጎደለው ሰዓት ነበር። ለዚያ ፈረንጅ የተራራ ከፍታ የነገረው የፈላ ውሃ ለእሷ ስድብ ሆነባት።

ባለፈው ዓመት ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፌ አስረዳኋት። በጸጥታ ሰማችኝ። ከማታው የዘፈዘፈችውን ባቄላ እያጠለለች፣ «እንግዲህ ለእሳቸው ማን ይንገርልኝ?» አለች። አያቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።