ኢላን ቦ፤ የማንቹ ቋንቋ የቆየባት መንደር

አንድ ቋንቋ ፊደል፣ መዝገበ ቃላትና የመንግሥት ድጋፍ ካገኘ ህልውናው የተረጋገጠ ይመስለናል። የማንቹ ቋንቋ ታሪክ ግን ይህን አስተሳሰባችንን ደግመን እንድንመረምር ያስገድደናል።

ማንቹ ከቱንጉዝ ቋንቋዎች ወገን የሚመደብና እንደ አማርኛ ግሱን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። በ1599 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የማንቹዎች መሪ ኑርሃቺ የሞንጎሎች ፊደል ለሕዝቡ ቋንቋ እንዲስማማ ሆኖ እንዲሠራበት አዘዘ። በ1632 ዳሃይ የተባለው ሊቅ ነጥብና ክብ ምልክቶችን ጨምሮ፣ አንዱ ፊደል ለተለያዩ ድምፆች ይውል የነበረበትን ችግር አቃለለ። ማንቹዎች በ1644 ቤይጂንግን ከያዙ በኋላም ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው ይህ ፊደል የቺንግ ሥርወ መንግሥት መጻፊያ ሆነ።

በመዝገበ ቃላት ረገድ ቤተ መንግሥቱ ያደረገው ጥረት በቀላሉ የሚገመት አይደለም። በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1708 የተፈጸመው መዝገበ ቃላት ማንቹን በማንቹ የሚፈታ ሲሆን፣ ቃላቱን የደለደለው በየጉዳያቸው ነው። ስሙም «የማንቹ ቋንቋ የመስተዋት መጽሐፍ» እንደ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ደግሞ ከቻይንኛ በተወሰዱ ብዙ ቃላት ፈንታ አዳዲስ የማንቹ ስያሜዎች እንዲወጡ አደረገ። በርሱ ዘመን ማንቹን፣ ቲቤትኛን፣ ሞንጎልኛን፣ ኡይጉርኛንና ቻይንኛን ጎን ለጎን የሚያቀርብ ባለ አምስት ቋንቋ መዝገበ ቃላትም ተሰናድቷል።

ይሁን እንጂ ስያሜው በትእዛዝ ሲበዛ ተናጋሪው እየሳሳ ሄደ። በየከተማው የሰፈሩት ማንቹዎች በቁጥር እጅግ ከሚበልጧቸው ቻይናውያን ጋር ሲኖሩ ልጆቻቸው አፋቸውን በቻይንኛ ፈቱ። ሥርወ መንግሥቱ በ1912 ሲያከትም ቋንቋው የነበረውን ድጋፍ አጣ።

ቋንቋው ከአፍ ሳይጠፋ የቆየው በሩቅ ገጠር ነው። በሔይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ በፉዩ አውራጃ፣ ሳንጂያዝ የምትባል የገበሬዎች መንደር አለች። የማንቹ ስሟ ኢላን ቦ ነው፤ «ኢላን» ሦስት፣ «ቦ» ቤት ማለት ነው። ስሟን ያገኘችው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ከመሠረቷት ሦስት ቤተሰቦች ነው። ከከተማ መራቋና አብዛኛዎቹ ነዋሪዎቿ ማንቹዎች መሆናቸው ቋንቋውን ጠብቆ አቆየው። ተመራማሪዎች በ1961 ሲያጠኗት ከመንደሩ ማንቹዎች ብዙዎቹ ይናገሩት ነበር። በ2007 ግን አቀላጥፈው የሚናገሩት 18 አረጋውያን ብቻ እንደ ቀሩ ተዘገበ። በ2010 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ማንቹ ተብለው የተመዘገቡት ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ስናስብ የጉዳቱ መጠን ግልጽ ይሆንልናል። የመንደሩ ትምህርት ቤት ቋንቋውን ለሕፃናት ማስተማር ቢጀምርም፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት በየቤቱ የሚሰማውን ንግግር አይተካም።

በ1764 በወታደርነት ወደ ኢሊ ሸለቆ የተላኩት የሲቤ ሰዎች ዘሮች ለማንቹ እጅግ የቀረበውን ቋንቋቸውን እስከ ዛሬ በብዙ ሺሕ ተናጋሪዎች ይዘው መቆየታቸው ይህንኑ ያጠናክራል። እነርሱን የጠቀማቸው በአንድነት ሰፍረው በቋንቋቸው መኖራቸው ነው።

ስለዚህ ቃል የምንሰበስብና ስያሜ የምናወጣ ሁሉ አንድ ነገር ልንዘነጋ አይገባም። መዝገበ ቃላት በእርግጥ መስተዋት ነው፤ መስተዋትም የቆመለትን ፊት ያሳያል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ሥራችን የሚለካው በመደርደሪያ ላይ በምናስቀምጣቸው ጥራዞች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የመዘገብነው ቃል እናት ለልጇ የምትናገረው ሆኖ በመቆየቱም ጭምር ነው።