የሜላኖማ ቅድመ ምልክቶች አጭር ታሪክ፦ የተዘነጋው ውስጥ እግር

የቆዳ ካንሰር ከአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች የሚለየው በዓይን የሚታይ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የሚታይ ነገር ሁሉ ይታወቃል ማለት አይደለም። ከቆዳ ካንሰሮች መካከል በገዳይነቱ የሚፈራው ሜላኖማ ያለፈበት የታሪክ ጎዳና የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1787 በለንደን ከተማ ከአንድ የ35 ዓመት ሰው መንጋጋ አጠገብ ዕጢ ቆርጦ አወጣ። ምንነቱን በውል ባያውቀውም ናሙናው ተጠብቆ ቆየ፤ ሜላኖማ መሆኑ በማይክሮስኮፕ የተረጋገጠው ግን በ1968 ነበር። በ1804 ፈረንሳዊው ረኔ ላኤኔክ፣ ኋላ ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈው ማለት ነው፣ በሽታው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን በፓሪስ አስረድቶ «ጥቁር» ከሚል የግሪክ ቃል ስም አወጣለት። በ1820 እንግሊዛዊው ዊሊያም ኖሪስ የአንድ በሽተኛውን አባት የገደለው ተመሳሳይ ሕመም መሆኑንና በቤተሰቡ ቆዳ ላይ ብዙ ጥቁር ነጥቦች መኖራቸውን በመመዝገብ የዘር ግንኙነት እንዳለው ጠቆመ። በ1840 ደግሞ ሳሙኤል ኩፐር ብቸኛው ተስፋ ዕጢውን ቀድሞ ቆርጦ ማውጣት መሆኑን ጻፈ።

«ቀድሞ» የሚለው ቃል በልኬት የተደገፈው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሐኪም አሌክሳንደር ብሬስሎ የበሽተኛው ዕድል ከዕጢው ውፍረት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ የተገኘ ሜላኖማ በአብዛኛው ይድናል። ከዚህ በመነሣት በ1985 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ማንም ሰው ሊያስታውሳቸው የሚችሉ አራት ምልክቶችን አቀረቡ፤ እነርሱም የነጥቡ ሁለት ወገን አለመመሳሰል፣ የጠርዙ መሸራረፍ፣ የቀለሙ መዘበራረቅና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጡ ናቸው። በ2004 አምስተኛው፣ ማለትም በጊዜ ሂደት መለወጡ፣ ተጨመረ።

እነዚህ ምልክቶች የብዙዎችን ሕይወት ታድገዋል። ነገር ግን የተቀረጹት በአመዛኙ በነጭ ቆዳ ላይ ከተገኘ ልምድ ነው። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ሜላኖማ እምብዛም አይታይም፤ ሲከሠት ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። እንግሊዛዊው ጆናታን ሃቺንሰን በጥፍር ዙሪያ የሚታየውን ጥቁረት ገና በ1886 ገልጾት ነበር፤ ይህ የሜላኖማ ዓይነት የራሱን ስያሜ ያገኘው ግን በ1976 ነው።

የዚህ መዘግየት ዋጋ በአንድ ዝነኛ ሰው ሕይወት ታይቷል። ጃማይካዊው ሙዚቀኛ ቦብ ማርሌ በእግሩ ጣት ላይ የነበረው ሕመም በመጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ተወሰደ፤ በ1977 ከጥፍሩ ሥር ሜላኖማ መኖሩ ታወቀ። ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመከርም በሃይማኖቱ ምክንያት አልተቀበለም። በሽታው ተሠራጭቶ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጠመቀ፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. (ሜይ 11 ቀን 1981) በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

ለእኛ ሐኪሞች ትምህርቱ ግልጽ ነው። በብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ የተለመደና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የተነሣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የዘለቀ ጥቁረት ግን ሊያሳስበን ይገባል። በውስጥ እግር የሚያድግ ጥቁር ነጥብ፣ እሾህ ወጋኝ ወይም ድንጋይ መታኝ ተብሎ የማይድን ቁስልም እንዲሁ ናሙና ተወስዶለት መመርመር አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀዳሚ መሣሪያ ውድ አይደለም፤ በሽተኛውን ጫማዎን ያውልቁ ብሎ እግሩን በጥሞና ማየት ነው።