ቢዳ የረገማት ዋጋዱ

ስሙኝማ! ከሰሃራ በረሃ ደቡብ፣ ዛሬ ሞሪታኒያና ማሊ በሚዋሰኑበት ምድር፣ ዋጋዱ የምትባል አገር ነበረች። የዓረብ ጸሐፍት ጋና የሚሏት እሷን ነው። የአገሪቱ ሕዝብ ሶኒንኬዎች ሲተርኩ፣ አባታችን ዲንጋ ከምሥራቅ መጣ ይላሉ። አርጅቶ ዓይኑ ሲጠፋ ታናሹ ልጁ ዲያቤ ታላቁን መስሎ ቀረበና ምርቃቱን ወሰደ፤ ልክ እንደ ያዕቆብ።

ዲያቤም ቢዳ ከተባለ ጥቁር ዘንዶ ጋር ተማማለ። ዘንዶው ዝናብና ወርቅ ሊሰጥ፣ ሕዝቡ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ሊገብርለት።

አገሪቱ ከበረች። የኮርዶባው አል በክሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1068 ስለ ንጉሡ ስለ ቱንካ ማኒን ጽፏል። በአህያ ተጭኖ ለሚገባ ጨው 1 ዲናር ወርቅ፣ ለሚወጣው 2 ዲናር ይቀረጥ ነበር። ድፍን ወርቅ የተገኘ እንደሆነ የንጉሡ ነው፤ ለሕዝቡ የሚተወው ዱቄቱ ብቻ። ሁሉም ቢለቀቅ ወርቅ ይረክሳላ! ይህን ብልሃታቸውን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ዙፋኑም የሚወረሰው በእኅት ልጅ ነው፤ ቱንካ ማኒን በ1063 የነገሠው የእናቱን ወንድም ባሲን ተክቶ ነበር። ንጉሡ ለችሎት ሲቀመጥ በሩን የሚጠብቁት ውሾች እንኳ አንገታቸው ላይ ወርቅና ብር ነበረ።

አንድ ዓመት ታዲያ ተራው የቆንጆዋ የሲያ ሆነ። የሚወዳት ማማዲ ሰይፉን ስሎ አደፈጠ፤ ዘንዶው ከጉድጓዱ ብቅ ሲል አንገቱን ቀላው። የተቆረጠው ራስ እየበረረ አገሪቱን ረገማት፦ ሰባት ዓመት ዝናብም ወርቅም እንዳታይ። ሄዶም ቡሬ ላይ ወደቀ፤ ወርቁ ከዚያ ወዲህ በቡሬ ሆነ።

አሁን ልብ በሉ! ቡሬ በዛሬዋ ጊኒ ያለች እውነተኛ የወርቅ ምድር ናት። የወርቁ ንግድ ወደ ደቡብ፣ ወደ እሷ ሲያዘነብል፣ መሬቱም ሲደርቅ፣ ዋጋዱ በእርግጥ ደከመች። ተራኪዎቹ ወርቁ የሄደበትን አቅጣጫ ሳይስቱ ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል፤ እኔ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሶሶ የሚባሉ ሕዝቦች አገሪቱን ያዙ። በ1235 ደግሞ ሱንጃታ የሶሶውን ንጉሥ ሱማንጉሩን ኪሪና ላይ ድል ነሥቶ የማሊን መንግሥት አቆመ።

ሶኒንኬዎቹስ? ከፊሉ ወደ ሴኔጋል ወንዝ ወርዶ ጋጃጋ ላይ ሰፈረ፤ ከፊሉ የኒጀርን ዳር ያዘ። ዋንጋራ የተባሉት ነጋዴዎች ግን ከሁሉም ርቀው ሄዱ፤ የካኖ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እስልምናን ይዘው ሐውሳ አገር የገቡት እነሱ ናቸው።